ዜማው ያለ ጭቅጭቁ

በማንኩሳ ዙሪያ፣ ደጀኔ አርባ ቀን ዝም ይላል ብሎ የሚወራረድ ሰው አይገኝም ነበር። ሐኪሙ ሰውየውን ስለማያውቀው ነው ያዘዘው። ለሃያ ዓመት አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ የኖረውን እንቅርት ቆርጦ አወጣለትና፣ «ሁለት ሳምንት ያርፋሉ፤ ከዚያ በኋላ ሥራዎን መሥራት ይችላሉ። ድምፅ ግን እስከ አርባ ቀን የለም፤ በሹክሹክታም ቢሆን። እምቢ ካሉ ድምፅዎ እንደሄደ ይቀራል» አለው። ቀጥሎም ወደ ሚስቱ ወደ እናኑ ዞሮ፣ «እርስዎም እባክዎን አያናግሯቸው» አላት።

እናኑ ይህችን ቃል እንደ ንስሐ አባት ቃል ያዘቻት። ምክንያት አላት። በሠላሳ ዓመት ትዳራቸው እሷ ተናግራ እሱ ሳይመልስ ያደረበት ቀን የለም። «ዝናቡ መጣ» ብትለው እንኳ «ማን ጠራው» ይላታል። እሱን ዝም ለማሰኘት ያለው መንገድ አንድ ብቻ እንደሆነ ገባትና ከሆስፒታሉ በር ጀምሮ እሱ ባለበት ቃል አልወጣትም። ያቺ ከዶሮው እስከ በሬው፣ ከጭሱ እስከ ጭቃው ሁሉን ስትወቅስ የምትውል ሴት የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ትውል ጀመር። ደጀኔ ይህን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። እንዲያውም ሐኪሙ በአንድ መድኃኒት ሁለት በሽታ ያዳነ መስሎት በልቡ መረቀው።

ደጀኔ በልጅነቱ የቆሎ ተማሪ ስለነበር መጻፍ ያውቃል። አንድ ደብተርና እስክሪብቶ በሲባጎ አስሮ ወገቡ ላይ አንጠለጠለ። ችግሩ እናኑ ፊደል አልቆጠረችም። ጎረቤት ተጠርቶ ካላነበበ ደብተሩ ለቤት ውስጥ ጉዳይ አይሆንም፤ ወጡ ጨው አነሰው ብሎ ጎረቤት የሚያስጠራ ባል ደግሞ የለም። እንዲሁ በእጅ እየተጠቃቀሱ ሰነበቱ።

ጣጣው የመጣው ከእርሻው ነው። ከቤቱ በታች ያለችው አንድ ጥማድ የማትሞላ የጤፍ መሬት የመጨረሻው እርሻ ቀርቷታል። ታርሳ ካልተዘራች የዓመቱ ጤፍ የለም፤ ሐምሌም እየገሰገሰ ነው። ከቅዳሜና እሑዱ፣ ከሚካኤሉ፣ ከገብርኤሉና ከማርያሙ ተርፎ ለሥራ የሚቀረው ቀን ደግሞ በጣት ይቆጠራል። ደጀኔ ዳልቻንና ቦራን ጠምዶ ወጣ። ጅራፉን አወናጨፈ። በሬዎቹ ሁለት እርምጃ ሄዱና ቆሙ። ገፋቸው፤ ቆሙ። ሐኪሙ ፉጨት አልከለከለም ብሎ አፏጨላቸው፤ ዞር ብለው አዩትና ማመንዠክ ጀመሩ።

ድንበርተኛው አድማሴ የራሱን ማሳ ዘርቶ ጨርሷል። በዚያ ላይ ነገር ይወዳል። «እስቲ እኔ ልሞክርልህ» ብሎ ገባና በዚያ እንደ ወፍጮ በሚጮህ ድምፁ «ሆ» ብሎ ቢጀምር ቦራ ትልሙ ውስጥ ዘፍ ብሎ ተኛ። አድማሴ ከዚያ ቀን ወዲህ ስለዚህ በሬ ክፉ እንጂ ደግ አይናገርም።

ደጀኔ ግን ቅር አላለውም። እንዲያውም ኮራ። ለምን ቢሉ፣ በሬዎቹ የናፈቁት የእሱን ዜማ ነዋ። ደጀኔ ሲያርስ የሚያንጎራጉረው መንገደኛን ያስቆማል። ከሁለት ዓመት በፊት ያረጋል የሚባል የቡሬ ሰው የገበሬ ዜማ እየዞረ ሲቀዳ እዚህችው ማሳ ዳር ቆሞ በስልኩ ቀድቶት፣ በኋላም «ዘፈንዎ ኢንተርኔት ላይ ወጥቷል» ብሎ መልእክት ልኮለታል። በሬዎቹ ዜማውን ከፈለጉ ዜማው አለ ማለት ነው። ከሰው አፍ ካልሆነ ከዕቃ ይውጣ አለ በልቡ ደጀኔ።

በገብርኤል ዕለት እርሻ ስለሌለ፣ ቤተ ክርስቲያን ተሳልሞ ሲያበቃ ጋቢውን ለብሶ ፍኖተ ሰላም ገባ። መናኸሪያው አጠገብ ሜላት የምትባል ልጅ ስልክ የምትጠግንበትና ሙዚቃ የምትጭንበት ሱቅ አላት። ሰው ሚሞሪውን ይዞ ይመጣል፣ እሷ ትሞላለታለች። ደጀኔ ሰው እየገፋ ባንኮኒው ጋ ደረሰና ደብተሩን ዘረጋላት። «ድምፄን ልገዛ ነው የመጣሁት» ይላል።

ሜላት ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ የማይናገር ሰው የማይሰማም መስሏት፣ ቃሉን እየጎተተች፣ «ምን... ዓይነት... ድምፅ... አባባ» ብላ ጮኸች። ወረፋ ይጠብቅ የነበረው ሰው ሁሉ ዞረ። ደጀኔ «ጆሮዬ ደኅና ነው» ብሎ ጻፈላት፤ ከሥሩም የእንቅርቱን፣ የበሬዎቹንና የያረጋልን ታሪክ አንድ ገጽ ሙሉ አሰፈረላት።

ልጅቷ ደግ ናት። ስልኩን ተቀብላ ያ ዘፈን የወጣበትን የኢንተርኔት መሸጫ አወረደችለትና ስሙን ጻፈችበት። ብቅ አለ፤ «የማንኩሳው ደጀኔ፦ የእርሻ ዜማ» ይላል። ደጀኔ ስሙን ሲያይ ልቡ ሞቀ፤ ከስሙ ጎን ያለውን የበሬዎች ሥዕል ሲያይ ግን ፊቱ ተኮሳተረ። «እነዚህ የማን በሬዎች ናቸው?» ብሎ ጻፈ።

«ለማሳመር የተደረገ ሥዕል ነው አባባ፤ እርሱን ይተዉት» አለችው። «ከመግዛትዎ በፊት ማስቀመሻ አለው፤ ሠላሳ ሰከንድ ያሰማዎታል። ይስሙት።»

ነካችው። የመጀመሪያው የወጣው ድምፅ የደጀኔ አልነበረም። «አንተ ዳልቻ፣ ምን ትገተራለህ? ሌሊቱን ሙሉ ገለባ ስትሰለቅጥ አድረህ አሁን ደከመኝ ልትል ነው? አንተስ ቦራ፣ እሱን አይተህ ነው? ያን ሁሉ አተላ የተሸከምኩላችሁ እንድትቆሙልኝ ነው እንዴ? ሳብ እንጂ» እያለ የእናኑ አፍ ሱቁን ሞላው። ከዚያ በኋላ፣ ማስቀመሻው ሊያልቅ ሲል፣ የደጀኔ ዜማ ከሩቅ ብቅ አለና ተቋረጠ። ሱቅ ውስጥ ያለው ሰው ሳቀ።

ሜላትም ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «ሁለት ዓይነት ነው ያለው» አለችው። «አንዱ ይኸው ነው፣ እንዳለ የተቀዳው። ሌላው ስቱዲዮ ገብቶ የተጣራው ነው፤ የእርስዎ ድምፅ ብቻ ነው ያለበት። ዋጋቸው እኩል ነው። የትኛው ይሁንልዎ?»

ደጀኔ ሲያስብ አልታየም። «ያለ ጭቅጭቁ» ብሎ በትልቁ ጻፈና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

ክፍያው በስልክ ነው። «እንግዲህ የሚስጥር ቁጥርዎን» ከማለቷ ደጀኔ ቁጥሩን ገጽ ሙሉ አድርጎ ጽፎ፣ እንድታየው ብሎ ደብተሩን ከፍ አድርጎ ያዘላት። ከኋላ የቆሙት ሁሉ አነበቡት፤ አንዱማ ድምፁን አውጥቶ ነው ያነበበው። ሜላት ቅጠሏን ገንጥላ ቀደደቻትና፣ «ይህን ለወለደችዎ እናትም አያሳዩ» ብላ አዲስ ቁጥር አስቀየረችው። የዘፈኑ ዋጋ ሃያ ብር ተከፈለ። ወዲያው የደጀኔ ስልክ ጮኸ፤ ስድስት ብር ገባልህ ይላል። ለካ ያ ያረጋል የሚባለው ሰው ሐቀኛ ኖሮ፣ ዘፈኑ በተሸጠ ቁጥር የደጀኔ ድርሻ እንዲደርሰው ስልኩን አስመዝግቦለታል። ደጀኔ መልእክቱን ደጋግሞ አየው። ከራሱ ገዝቶ ለራሱ መሸጡ ነው፤ እንዲህ ያለ ገበያ ቆሞ አያውቅም።

አንድ ነገር ግን አላስቻለውም። ዘፈኑ ወርዶ ሚሞሪው ላይ ከተጫነ በኋላም መሸጫው ውስጥ እንደ ቀድሞው ተቀምጧል። «ከሸጡልኝ ምነው አሁንም አላቸው? በሬውን ሸጦ በበሬው የሚያርስ ሰው አለ?» ብሎ ጻፈ።

«እንደ ጧፍ ነው አባባ» አለችው ሜላት። «ከአንዱ ጧፍ ሌላ ጧፍ ቢለኩሱበት የመጀመሪያው ይጠፋል?»

ይህ ገባው። ሚሞሪውን በገመድ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ትንሽ ስፒከር ውስጥ ከተተችለትና አንዱ ቁልፍ ማስጀመሪያ፣ አንዱ ማሳለፊያ፣ አንዱ ድምፅ መጨመሪያ መሆኑን አሳየችው። «የዚያኛውም ማስቀመሻ እዚሁ ላይ ተጭኖልዎታል፤ እሱ በነፃ ነው» አለችው። ደጀኔ ነፃም ቢሆን ያ ነገር ባይኖር ይመርጥ ነበር።

በማግስቱ፣ ሐምሌ ሃያ፣ ሰማዩ እንደ ዳመነ በሬዎቹን ጠመደ። ያ ስፒከር ደግሞ አንገቱ ላይ፣ ልክ እንቅርቱ የነበረበት ቦታ ላይ ተንጠለጠለ። አድማሴ ድንበሩ ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀው ነበር። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሲባል ሰምቻለሁ» አለ። «እንቅርት አስወጥቶ በቦታው ሬዲዮ ያስገባ ሰው ግን ያየሁት ዛሬ ነው።» ደጀኔ መልሱ ምላሱ ጫፍ ላይ መጣ፤ ዋጠው። ያመለጠችው መልስ በጣም ጥሩ ስለነበረች እስካሁን ይቆጨዋል።

እናኑ ከኋላ ከኋላ የሰርዶ ሥር እየለቀመች መጣች፤ ዝም እንዳለች። ደጀኔ የማረሻውን ዕርፍ ጨበጠና ማስጀመሪያውን ተጫነ። ዜማው ወጣ። ምኑን ላውራችሁ፣ የጠራ ነው፤ የወፍ ድምፅ እንኳ አልገባበትም። ደጀኔ የገዛ ድምፁን ሰምቶ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ይህ ድምፅ ተመልሶ ባይመጣስ ብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራ።

በሬዎቹ ቆመው አመነዠኩ።

ድምፅ ጨመረ። ዳልቻ ጆሮውን እያራገፈ ዝንብ አባረረ። በጅራፍ ጫፍ ነካ አደረገው፤ አንድ እርምጃ ሄዶ ቆመ። አድማሴ ከድንጋዩ ላይ ሆኖ፣ «ገንዘብህን አስመልስ» አለው። ደጀኔ ተናዶ ድምፁን ሊጨምር ሲዳብስ ማሳለፊያውን ተጫነውና «አንተ ዳልቻ፣ ምን ትገተራለህ» የሚለው ተንጫጫ።

በሬዎቹ ተፈናጠሩ። ደጀኔ ዕርፉን ሳያጠብቅ ማረሻው ይዞት ሄደ። «ሌሊቱን ሙሉ ገለባ ስትሰለቅጥ አድረህ» ሲል ጭቃው ግራና ቀኝ ይገለበጣል፣ «ያን ሁሉ አተላ» ሲል ቀንበሩ ሲጢጥ ይላል። ከዚያ የደጀኔ ዜማ ገባ። በሬዎቹ ረገብ አሉ። ማስቀመሻው አለቀ፤ ቆሙ። ከኋላ እናኑ አንድ እፍኝ ሰርዶ እንደያዘች ደርቃ ቀርታለች። የራሷ ድምፅ ከባሏ ደረት ሲወጣ ሰምታ የማትደነግጥ ማን ናት? ቢሆንም አልተናገረችም።

ደጀኔ ይህን ለማመን አልፈለገም። ዜማው ሲመጣ የቆሙት ለማድመጥ ነው ብሎ ራሱን አጽናና። እንደገና የገዛውን ከፈተው፤ ቆሙ። ማስቀመሻውን ከፈተው፤ ሄዱ። አሁንም ዜማው ሲደርስ ረገብ። አራት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ ሞከረው። በአንድ እጁ ዕርፍ፣ በአንድ እጁ ቁልፍ ይዞ፣ ሠላሳ ሰከንድ እያረሰ፣ እየቆመ፣ እየተጫነ፣ ትልሙ እንደ ሰካራም መንገድ ተጣመመ። አድማሴ ሳቁን ትቶ ያይ ነበር፤ ደጀኔን ከሳቁ ይልቅ ይህ አስከፋው።

ለካ ሠላሳ ዓመት እሱ እየዘፈነ እሷ ስታስኬዳቸው ኖራለች። ማልዳ ገለባውን የምታቀርብላቸው እሷ፣ አተላውን የምትሸከምላቸው እሷ፣ ማታ ጭቃውን ከእግራቸው የምታራግፍላቸው እሷ፤ ይህን ሁሉ ስታደርግ ደግሞ አፏ አያርፍም። ከብት የሚያበላውን ድምፅ ያውቃል። ደጀኔ ይህን ሲያስብ አፈረ፤ አዎ፣ በግልጽ አፈረ። ድምፁን እየሰማ መንገደኛ ሲቆም በሬዎቹም የሚሄዱለት መስሎት ኖሯል።

ቀትር ላይ ስፒከሩ «አንተ ዳል...» ብሎ ጸጥ አለ። ሐምሌ ነው፤ ፀሐይ የለም፣ ቤት ያለችው ሶላር ባትሪውን እስከ ግማሽ እንኳ አልሞላችውም ነበር። ገና የማሳው ሩብ አልታረሰም። ነገ ማርያም ናት። በምዕራብ በኩል ደመናው ጠቁሮ ተሰብስቧል፤ ያ ዝናብ ሌሊቱን ከወረደ መሬቱ በሬ የማይገባበት ረግረግ ይሆንና ጤፉ በዚያው ቀረ ማለት ነው። ደጀኔ በሬዎቹን አየ፣ ሰማዩን አየ፣ እናኑን አየ። እናኑ የነጠላዋን ጫፍ እንደነከሰች ሰርዶዋን ትለቅማለች።

ደብተሩን ከወገቡ ፈታ። ቆሞ ጻፈ፤ ሰርዞ ጻፈ። አሁን ደግሞ ጽሑፉን ለእናኑ የሚያነብላት ሰው ያስፈልጋል። በማሳው ዙሪያ ማንበብ የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ድንጋዩ ላይ ተቀምጧል። ደጀኔ ከዚያ በፊት በሕይወቱ ብዙ ዳገት ወጥቷል፤ እስከዚያች ድንጋይ ያለችው ሃያ እርምጃ ግን ከሁሉ ከበደችው። ደብተሩን ለአድማሴ ሰጠውና ፊቱን ወደ በሬዎቹ አዞረ።

አድማሴ መጀመሪያ ለራሱ አነበበው። ይህን ወረቀት ይዞ እስከ መስቀል ድረስ ጠላ ቤት ለጠላ ቤት ሲስቅበት መክረም ይችል ነበር። ገጹን ሲገልጥ ደግሞ ከፊተኛው ቅጠል ላይ «ያለ ጭቅጭቁ» የሚለውን፣ ሁለት ጊዜ የተሰመረበትን አየ። ሰው ነውና ያንን አላነበበም። ተነሣ፣ ቆቡን አወለቀ፣ ከዚያም ጮክ ብሎ፣ «እናኑ፣ ይህ የአንቺ ነው» አላት። «‹በሬዎቹን የሚያስኬዳቸው የእኔ ዜማ አይደለም፤ የእሷ አፍ ነው። ንገርልኝ። ትናገር። አልመልስም› ይላል።»

እናኑ ቀና አለች። ነጠላዋን ከአፏ አወጣች።

«የመጨረሻውን ድገመው» አለች። በሃያ ሦስት ቀን ውስጥ ደጀኔ ከአፏ የሰማው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው።

«‹አልመልስም› ይላል።»

«በጽሑፍ?»

«በጽሑፍ። ቀኑንም ጽፎበታል።»

ሰርዶውን ጣለችና እጇን በቀሚሷ ጠራረገች። «እንግዲያውስ ስማ አንተ ዳልቻ» ብላ ጀመረች። ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ በሬዎቹ ተነሥተው ነበር። ሃያ ሦስት ቀን የተጠራቀመ ነገር በቀላል አያልቅም። የጣራውን ማፍሰስ ነገረቻቸው፤ ጫጩት የወሰደውን ጭልፊት ነገረቻቸው፤ በጭቃ ውስጥ ጋቢ ለብሶ ከተማ ስለሚሄድ ሰው፣ ቤት ውስጥ በነፃ ያለውን ነገር ገንዘብ ከፍሎ ስለሚገዛ ሰው ነገረቻቸው። ደጀኔ በየትልሙ ማዞሪያ ላይ አፉ ይከፈታል፤ ይዘጋል። አድማሴ ዘሩን ይዞ ገባላቸው። ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ከመጣሉ በፊት፣ የመጨረሻዋ ትልም ብቻ ቀረች።

በዚያች ትልም ላይ እናኑ ድምፅዋ ቀዘቀዘ፤ ከቦራ ጎን ጎን እየሄደች ለእሱ ብቻ የምታወራ መሰለች።

«ሰማህ ቦራ፤ ያን ቀን ሐኪም ቤት ጌታህን ሊቆርጡት በአልጋ እየገፉ ሲያስገቡብኝ በሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ሌላ ሴት ብትሆን ነፍሱን አትርፍልኝ ብላ ትለምናለች። እኔ ሞኟ፣ ከእንግዲህ ማን ይመልስልኛል እያልኩ ነበር የማለቅሰው። ሃያ ሦስት ቀን ሙሉ ለግድግዳ እንኳ ሳልናገር የከረምኩት ያ መልስ እንዳይጠፋብኝ ብዬ ነው። አንተ ምን ታውቃለህ። ሳብ።»

ቦራ ሳበ። ደጀኔ ዕርፉን እንደያዘ ከኋላ ተጎተተ። ለዚህ ነገር መልስ ነበረው፤ ገና አሥራ ሰባት ቀን ይቀረዋል።